ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰንና የእናት ወገን ሐረግ

ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተወልደው፣ አሶሳንና አካባቢዋን ለረጅም ዘመን ገዝተው፣ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ያረፉ ስመ ጥር ባላባት ነበሩ። ወገናቸው ወታዊት ይባላል። ይህ ወገን የተገኘው ከሱዳን የመጡ ዐረብ ነጋዴዎች የበርታ ባላባቶችን ሴቶች ልጆች እያገቡ በአገሩ በመስፈራቸው ነው። ቃሉ በዐረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ሲሆን፣ ከሁለት ወገን መወለዳቸውን ለማመልከት የተሰጠ ስም ነው ይባላል።

በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር ቤኒሻንጉልን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግዛት አስገባ። ከዚህ በኋላ ሼህ ሆጀሌ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ። ተፈትተው ሲመለሱ ግን ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ እየገበሩ ከባላንጣዎቻቸው ሁሉ የላቀ ሥልጣን ያዙ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የሸጎሌ ሰፈር የተሰየመው በስማቸው ነው።

የሀብታቸው ምንጭ ግን ወርቅ ብቻ አልነበረም። ባለቤታቸው ስት አምና በድንበሩ አጠገብ ሆነው ወደ ሱዳን የሚሻገረውን የባሪያ ንግድ ይመሩ ነበር። በዚህ ንግድ ከበርታ፣ ከማኦና ከኮሞ መንደሮች ብዙ ሰው ከዘመዱ ተለይቶ ቀርቷል። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ የእነዚህ ሰዎች ዘር ዛሬ አያቱን ቢፈልግ በምን ያገኛል? የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም.፣ ሼሁ ካረፉ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ቆጠራውም በሕይወት ያለውን እንጂ የሞተውን አይመዘግብም። በቃል የሚወርደው የትውልድ ቆጠራ ደግሞ የአባትን መሥመር ይከተላል። ሰው በሰባተኛው ቤት 128 ቅድመ አያቶች ሲኖሩት፣ በዚህ ቆጠራ የሚጠራው የአንዱ ስም ብቻ ነው። የዐረቡ ነጋዴ ስም ሲነሳ የበርታዋ ሚስቱ የምትቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የዲኤንኤ ምርመራ ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላል። ዋይ ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ሲወርድ፣ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ከእናት ወደ ልጆቿ ሁሉ ይተላለፋል፤ ለቀጣዩ ትውልድ የሚያስተላልፉት ግን ሴቶቹ ናቸው። ስለሆነም የገዥው ቤት ተወላጅና የተሸጠው ሰው ተወላጅ በአንድ የበርታ እናት ሐረግ ሊገናኙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ምርመራው ዝምድናን እንጂ ስምን አይናገርም። ስሙ ያለው በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ዘንድ ነው። ባለሙያም የእናትን ወገን ስም ከአባቱ እኩል ጠይቆ ሊጽፍ የሚገባው እነርሱ ሳያልፉ ነው።