ሰርጌይ አይዘንስታይን፤ ፊልም ቆራጩና የእርሱ ቆራጮች

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም አሳየ። ደርግ ፊልሙን እንዳለ አላቀረበውም። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱን ድግስና ለውሾቻቸው ሥጋ የሚሰጡትን ንጉሥ አስገባበት። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን እያፈራረቀ የቀጠላቸው እጅ ግን በአንዳቸውም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ነገር ፈጠረ፤ ፍርድ። በማግሥቱ ንጉሡ ሲወርዱ ፍርዱ በተመልካቹ ልብ ውስጥ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር።

ይህን ጥበብ ደርግ አልፈለሰፈውም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ካራቀቁት ሰዎች ዋነኛው ሩሲያዊው ሰርጌይ አይዘንስታይን ነው። የሰውየውን ሕይወት መለስ ብለን ብንቃኘው ለዛሬም ትምህርት አይጠፋውም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይዘንስታይን በ1898 በሪጋ ከተማ ተወለደ። አባቱ ስመ ጥር አርክቴክት ነበሩ፤ ልጃቸውም በፔትሮግራድ ምህንድስና ይማር ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ልጅ ቀይ ጦርን ተቀላቀለ፤ አባት ከነጮቹ ወገን ሆነው በመጨረሻ በርሊን ላይ በስደት አረፉ። ይህን መሰል የቤተሰብ መከፋፈል ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከጦሩ ሲመለስ ሞስኮ ገብቶ ቴአትር ያዘ፤ መምህሩ ታላቁ አዘጋጅ ሜየርሆልድ ነበር። ፊልም መቁረጥን የተለማመደው በሰው ሥራ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከውጭ የሚመጡ ፊልሞች ለሶቪየት ተመልካች እንዲስማሙ እየተቆራረጡ እንደገና ይቀጠሉ ነበርና፣ በ1924 ኤስፊር ሹብ የተባለችው የኤዲቲንግ ባለሙያ የጀርመናዊውን የፍሪትዝ ላንግን ፊልም ስትበልት አብሯት ሠራ። አንድ ምስል ቦታው ሲለወጥ ትርጉሙም እንደሚለወጥ በእጁ ያየው እዚያ ነው።

የሞንታዥ ትምህርቱ መሠረት ይኸው ነው። ሁለት ምስሎች ሲጋጩ በሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሐሳብ ይወለዳል። በ1925 በወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ፣ በአድማ፣ ሠራተኞች በጥይት ሲረግፉ በመሐል አንድ በሬ ሲታረድ ያሳየናል። ተራኪም ማብራሪያም ሳያስፈልግ መልእክቱ ደረሰ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በቦልሾይ ቴአትር የታየው የጦር መርከብ ፖተምኪን ስሙን በዓለም አስጠራ። ታሪኩ በ1905 ስላመፁ መርከበኞች ነው። በኦዴሳ ደረጃዎች ላይ የወታደሮቹ ቦት ጫማ በስልት ይወርዳል፤ ሕዝቡ ተደነቃቅፎ ይሸሻል፤ እናቱ የተገደለችበት ሕፃን በጋሪው ይንከባለላል። ምስሎቹ አጫጭር ሆነው እየተጋጩ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጀውን መውረድ ያረዝሙታል፤ ተመልካቹ ከሰዓቱ ይልቅ ድንጋጤውን ይቆጥራል። የመርከቡ መድፍ ሲመልስ ደግሞ ሦስት የድንጋይ አንበሶች፣ አንዱ የተኛ፣ አንዱ የነቃ፣ አንዱ የተነሣ፣ በተከታታይ ይታዩና ድንጋዩ ራሱ ያመፀ ይመስላል።

በ1905 ኦዴሳ ውስጥ ደም መፍሰሱ እውነት ነው። በደረጃዎቹ ላይ እንዲያ ያለ ጭፍጨፋ ግን አልተፈጸመም። ሆኖም ብዙ ሰው ዛሬም ድረስ እንደ ታሪክ የሚያስታውሰው ፊልሙን ነው። እንግሊዝ እስከ 1954 አገደችው። የናዚው ጎብልስ በ1933 ለጀርመን ፊልም ሠሪዎች በምሳሌነት አነሣው። መቀስ ወገን የለውም፤ ለያዘው ሁሉ ይቆርጣል።

ብዙም ሳይቆይ መቀሱ ወደ ባለቤቱ ዞረ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የተዘጋጀው ኦክቶበር የዘገየው በስታሊን ትእዛዝ ትሮትስኪ ከፊልሙ እንዲወጣ በመደረጉ ነው። በ1930 ሆሊውድ ሄዶ ከፓራማውንት ጋር አልተስማማም። ሜክሲኮ ውስጥ በደራሲው አፕተን ሲንክሌር ገንዘብ የጀመረውን ፊልምም ገንዘብ ሰጪው በ1932 አቆመው፤ የተቀረጸው ሁሉ እዚያው አሜሪካ ቀርቶ ሌሎች እንደፈለጉ ቀጣጠሉት። በካፒታሊስቱም በኮሚኒስቱም አገር የመጨረሻው መቀስ በሌላ ሰው እጅ ነበር።

በ1937 ቤዢን ሜዳ የተሰኘው ፊልሙ ሳያልቅ ታገደ፤ እርሱም በአደባባይ ራሱን እንዲወቅስ ተገደደ። በ1938 በፕሮኮፊዬቭ ሙዚቃ የታጀበው አሌክሳንደር ኔቭስኪ ከስታሊን ጋር አስታረቀው። ፊልሙ የጀርመን ወራሪዎችን የሚያወግዝ በመሆኑ በ1939 ስታሊንና ሂትለር ሲዋዋሉ ከሲኒማ ቤት ተነሣ፤ በ1941 ጀርመን ሶቪየትን ስትወር እንደገና ወጣ። ከፊልሙ አንዲት ምስል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የመንግሥቱ ወዳጅና ጠላት ነው።

ሜየርሆልድ በ1939 ታስሮ በ1940 ተረሸነ። አይዘንስታይን የመምህሩን ወረቀቶች በገጠር ቤቱ ደብቆ ለትውልድ አቆየ። ያን ጊዜ ይህን ማድረግ ራስን ለጥይት ማጨት ነበር።

አስፈሪው ኢቫን የተባለው ፊልሙ ክፍል አንድ የስታሊንን ሽልማት አገኘ። የሽልማቱ ድግስ ላይ፣ በየካቲት 1946፣ ልቡን ታመመ። ክፍል ሁለት ግን ንጉሡን በጥርጣሬ የሚናወጥና በገዳዮቹ የተከበበ አድርጎ ስላሳየ ታገደ። በ1947 ስታሊን በሌሊት ክሬምሊን አስጠርቶ ተቸው፤ ከሁሉ በላይ ንጉሡ ወላዋይ መምሰሉ አላስደሰተውም። አይዘንስታይን እርማቱን ሳይሠራ በየካቲት 1948 በ50 ዓመቱ ሞተ። ፊልሙ ለሕዝብ የታየው በ1958፣ ስታሊን ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

በመንግሥት ጋዜጣ የአርታኢ ወንበር ላይ የተቀመጥን ሰዎች አንድ አንቀጽ ከቦታው ሲነሣ የቀረው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ዛሬ ያ መቀስ በየሰው ስልክ ውስጥ ነው። ከአገር ቤት የሚደርሰን የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ እንባችንን ሲያመጣው ወይም ደማችንን ሲያፈላው፣ ለሌላው ከማሻገራችን በፊት ከእርሱ በፊት ምን ነበረ፣ ከእርሱ በኋላስ ምን መጣ፣ የቀጠለውስ ማን ነው ብለን እንጠይቅ። ሁለት እውነቶች ተቀጥለው ውሸት ሊወልዱ ይችላሉና።

ቸር ይግጠመን።