ዐውሎ ነፋስ የተባለው ሰው፦ የፍሬድ ቴይለር አጭር የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ሳምንት በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ የነበረበትን ትቶ ቢሄድ ከዳተኛ ይባላል ወይስ አይባልም? ግማሾቻችን ይባላል አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ የላብን ዋጋ የሚያውቀው ባለላቡ ነው አልን። መብራት እስኪጠፋ ተከራክረን ሳንስማማ ተኛን። በዚሁ ሳቢያ ለዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን የአንድ ሰው ታሪክ ይዘን ቀረብን። ሰውየው መምህር አይደለም፤ የአገራችንም ሰው አይደለም። ካናዳዊ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የበረዶ ሆኪ አይታችሁ የማታውቁ የእኛን የገና ጨዋታ አስቡ። ዱላው አለ፤ በሩር ፈንታ ግን የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ነው። ሜዳው የረጋ በረዶ ሲሆን ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለታም ብረት የተገጠመለት ጫማ አድርገው እየተንሸራተቱ ይጫወታሉ። ዛሬ በአንድ ወገን 6 ሰው ይሰለፋል፤ በዚያ ዘመን ግን 7 ነበሩ። ሰባተኛው ሰው የተወሰነ ቦታ የለውም፤ ሜዳውን ሁሉ እያካለለ ያጠቃል። ቴይለርም በዚህ ቦታ ተጫውቷል።

ፍሬድሪክ ዌሊንግተን ቴይለር በ1884 ዓ.ም. በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ታራ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ያደገው ሊስቶዌል በተባለች ሌላ ከተማ ነው። ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውምና ትምህርቱን አቋርጦ በፒያኖ ፋብሪካ ተቀጠረ። ቀን ቀን ይሠራል፣ ማታ ማታ በረዶው ላይ ይወጣል። በፍጥነቱ የሚደርስበት ጠፋ። ስሙም ከከተማው አልፎ ተሰማ።

እንግዲህ መከራው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በ1904 ዓ.ም. የኦንታሪዮ ሆኪ ማኅበር ጸሐፊ ወደ ቶሮንቶ መጥቶ ለአንድ የታወቀ ክለብ እንዲጫወት ጠየቀው። ቴይለር እምቢ አለ። በዚያ ጊዜ በማኅበሩ ሕግ ለጨዋታ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነበር፤ ስለዚህ የተጠየቀው እንዲያው በነፃ አገሩን ለቆ እንዲሄድ ነው። እምቢ በማለቱ በማኅበሩ ሥር ለማንም ቡድን እንዳይጫወት ታገደ። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ፣ እግሩ ደህና፣ ጉልበቱ ደህና፣ ያን የ1904–05 ወቅት ቆሞ ተመልካች ሆኖ አሳለፈው።

ታዲያ ምን ያድርግ? ማኅበሩ ወደማይደርስበት ሄደ። መጀመሪያ በማኒቶባ ክፍለ ሀገር ለአጭር ጊዜ ተጫወተ። ቀጥሎ ድንበር ተሻግሮ በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት የመዳብ ማዕድን ወደሚቆፈርባት ሆውተን ከተማ ገባ። እዚያ በ1904 ዓ.ም. ዶክተር ጊብሰን የሚባል የጥርስ ሐኪም ባቋቋመው ሊግ ተጫዋች ሁሉ በግልጽ ደመወዝ ይከፈለው ነበር። ተጫዋቾችን በሙሉ በደመወዝ በማሠራት የመጀመሪያው የሆኪ ሊግ እሱ ነው። የቴይለር ቡድን በ1906 እና በ1907 ዓ.ም. አሸናፊ ሆነ። ነገር ግን ሊጉ ብዙ አልቆየም፤ በ1907 ዓ.ም. ፈረሰ።

ከዚያ የኦታዋ ክለብ ጠራው። ከጨዋታው ደመወዝ ሌላ በመንግሥት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘ። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በኦታዋ ዐውሎ ነፋስ ማለትም ሳይክሎን የሚለው ቅጽል ስም ወጣለት፤ እስኪሞትም አልተለየውም። በ1909 ዓ.ም. ከክለቡ ጋር የስታንሌይን ዋንጫ አገኘ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ ሊግ ተመሠረተ። በማዕድንና በባቡር ሐዲድ ሥራ የከበረው የኦብራየን ቤተሰብ ሬንፍሩ ለተባለችው ትንሽ ከተማ ዋንጫ ለማምጣት ገንዘቡን አፈሰሰ። ለቴይለር 12 ጨዋታ ለሚሆን አንድ ወቅት 5,250 ዶላር ተሰጠው። በዚያ ዘመን ይህ የማይታመን ገንዘብ ነበር። ወደ ኦታዋ ከሬንፍሩ ጋር ሲመለስ ትናንት ያጨበጨበለት ሕዝብ ጮኸበት፣ ያገኘውንም ወረወረበት። ከዳተኛ ተባለ ማለት ነው። ሬንፍሩም ቢሆን በዚያ ዓመት ዋንጫውን አላገኘችም።

አሁን ወደ ክርክራችን እንምጣ። ደመወዙ እንዲያ የወጣው ባለገንዘቦቹ ስለ ወደዱት አልነበረም። ሁለት ሊጎች ተጫዋች ስለሚሻሙ ነው። ተፎካካሪው ሊግ በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እንደ ፈረሰ፣ የቀረው ሊግ ለሚቀጥለው ወቅት የአንድ ቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ከ5,000 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነ። አስቡት፤ ቴይለር ብቻውን ያገኝ ከነበረው ያንሳል! ተጫዋቾች አጉረመረሙ፣ የራሳቸውን ሊግ ለማቋቋምም ሞከሩ። ምን ዋጋ አለው፣ የመጫወቻው አዳራሽ በሌሎች እጅ ነበርና አልሆነላቸውም።

የሬንፍሩ ቡድን በ1911 ዓ.ም. ሲበተን ተጫዋቾቹ ለቀሩት ክለቦች ተከፋፈሉ። ቴይለር ለሞንትሪያል ደረሰ። እኛም ምደባ የምንጠብቅ ነንና ነገሩ ሳይነገረን ይገባናል። እሱ ግን ሥራው ኦታዋ ስለ ነበር አልሄድም አለ። ከአንድ ጨዋታ በቀር ወቅቱን በሙሉ ዳር ተቀመጠ። በዕድሜው ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

መፍትሔው ደግሞ ከምዕራብ መጣ። ፍራንክና ሌስተር ፓትሪክ የተባሉ ወንድማማቾች በአባታቸው የእንጨት ንግድ ገንዘብ በቫንኩቨርና በቪክቶሪያ በመሣሪያ በረዶ የሚሠራባቸው አዳራሾች አቁመው የራሳቸውን ሊግ ጀምረው ነበር። ቴይለር በ1912 ዓ.ም. ወደ ቫንኩቨር ተሻገረ፤ የኢሚግሬሽን ሥራውንም እዚያው ቀጠለ። በ1915 ዓ.ም. ቫንኩቨር ያንኑ ኦታዋን በተከታታይ 3 ጨዋታ፣ 6 ለ 2፣ 8 ለ 3 እና 12 ለ 3 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ቴይለር በ1917–18 ወቅት በ18 ጨዋታ 32 ጎል አገባ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጫማውን ሰቀለ። በ1926 ዓ.ም. የምዕራቡ ሊግ ጨርሶ ሲፈርስ ተጫዋቾቹ ለምሥራቁ ሊግ ተሸጡ፤ እንደ ቴይለር ከአንዱ ወደ ሌላው የመሄዱ በርም ተዘጋ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። ግን እውነቱን መደበቅ ከመምህር አይጠበቅም። በግንቦት 1914 ኮማጋታ ማሩ የተባለች መርከብ 376 ሰው ጭና ቫንኩቨር ደረሰች። አብዛኞቹ ከህንድ የመጡ ሲኮች ናቸው፤ የመጡትም ሠርቶ ለመኖር ነው። ሁለት ወር ያህል ከወደቡ ታግደው ከቆዩ በኋላ ከጥቂቶቹ በቀር እንዲመለሱ ተደረገ። ህንድ ሲደርሱ ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ብዙዎች ሞቱ። ቴይለር በዚያ ጊዜ በወደቡ የኢሚግሬሽን ሹም ነበር፤ በዚሁ ጉዳይም ከሠሩት አንዱ ነው። ወደ ተሻለ ኑሮ መሄድ መብቴ ነው ብሎ ሁለት ወቅት የተቀጣ ሰው፣ ያንኑ የሚሹትን ሰዎች በር ላይ ቆሞ መለሰ። ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም። ቢሆንም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የካናዳ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በምክር ቤት ይቅርታ ጠይቋል።

ቴይለር በመሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ሹም እስከ መሆን ደረሰ። በ1946 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ንጉሥ ኒሻን ተሸለመ፤ በ1947 ዓ.ም. ስሙ በሆኪ ታላላቆች መዝገብ ሰፈረ። በሰኔ 1979 በ94 ዓመቱ በቫንኩቨር ዐረፈ። የከተማዋ ክለብ ለምርጥ ተጫዋቹ የሚሰጠው ሽልማት ዛሬም በስሙ ይጠራል።

እኛ ይህን ስንጽፍ ክርክራችን ግማሹ ተፈታልን። የተሻለ እንጀራ ፍለጋ የሄደ ሰው ከዳተኛ አይባልም፤ ይህን ቴይለር አስተምሮናል። ቀሪውን ግማሽ ግን ያስተማሩን የመርከቧ ሰዎች ናቸው። ለራሳችን የጠየቅነውን መብት፣ ነገ በእጃችን ሥልጣን ሲገባ፣ ያውም በአንድ ክፍል ሕፃናት ላይ ብቻ ቢሆን፣ ለሌላው እንሰጠዋለን ወይ? እናንተስ ምን ትላላችሁ? መልሳችሁን ጽፋችሁ አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን።