ፖል ሮብሰን፤ በሜዳም በትምህርትም የበረታ ሰው

ሰው ከሥጋና ከነፍስ የተፈጠረ ስለ ኾነ አስተዳደጉም ኹለቱን የሚያበረታ ሊኾን ይገባዋል። ጕልበት ያለ ዕውቀት፥ ዕውቀትም ያለ ጤና ጐደሎ ነው። ኹለቱን አስተባብረው ከያዙት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ፖል ሮብሰን ነበር።

ፖል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓመተ ምሕረት በኒው ጀርሲ፥ በፕሪንስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ በባርነት ተወልዶ፥ በወጣትነቱ ካገዛዙ አምልጦ፥ ተምሮም የቤተ ክርስቲያን ሰባኪ የኾነ ሰው ነው። እናቱ በ1904 በእሳት አደጋ ስለ ሞተች አባቱ ለትምህርቱ እየተጋ አሳደገው።

በ1915 በፈተና አሸንፎ ያለ ክፍያ ለመማር ወደ ራትገርስ ኮሌጅ ገባ። ኳስ በእጅ ይዘው በሚጋፉበት በአሜሪካኖች እግር ኳስ ሊሰለፍ በቀረበ ጊዜ፥ የገዛ ጓደኞቹ ስለ ጥቍረቱ ጠልተውት አፍንጫውን ሰበሩት፤ ትከሻውንም አወለቁት። እርሱ ግን በዳነ ጊዜ ወደ ሜዳው ተመለሰ። በ1916 ከደቡብ የመጣ ቡድን ከጥቍር ሰው ጋራ ለመጫወት እንቢ ቢል፥ ኮሌጁ የእንግዳውን ፈቃድ ፈጽሞ ፖልን ከጨዋታው አስቀረው። ኾኖም በእግር ኳስ፥ በቤዝቦል፥ በቅርጫት ኳስና በአትሌቲክስ ኮሌጁን አገለገለ፤ በ1917ና በ1918 ካገሩ ምርጥ ተጫዋቾች ጋራ ተቈጠረ። በትምህርቱም ፋይ ቤታ ካፓ ለሚባለው የሊቃውንት ማኅበር ተመረጠ፤ በ1919 ተመራቂዎቹን ወክሎ ንግግር አደረገ።

ከዚህ በኋላ በኮሎምቢያ ሕግ ሲማር፥ በ1921ና በ1922 በደመወዝ ኳስ ተጫወተ፤ በ1923 ተመረቀ። በሕግ ሥራ ግን የቀለም ልዩነት መንገዱን ስለ ዘጋበት ወደ ዜማና ወደ ቴአትር ኼደ። በ1943 በኒው ዮርክ በሼክስፒር ኦቴሎ ዋናውን ሰው ኾኖ መጫወት ዠመረ፤ ቴአትሩም 296 ጊዜ ታየ።

ስለ ጥቍሮችና ስለ ሠራተኞች መብት ይናገር፥ ሶቪየት ኅብረትንም ያመሰግን ስለ ነበር መንግሥቱ በ1950 ፓስፖርቱን ነጠቀው። ሶቪየትን ሲያመሰግን የስታሊንን ግፍ አለመንቀፉ ዛሬም ያስወቅሰዋል። ነገር ግን ሰውን በተናገረው ምክንያት ካገር እንዳይወጣ መከልከል ሕግ አልነበረምና፥ በ1958 ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ፓስፖርቱ ተመለሰለት። በ1976 ዐረፈ። በኮሌጅ እግር ኳስ ዝነኞች መዝገብ የተጻፈው በ1995፥ ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ይህን ያስተውል። ሰውን በሥራው ሳይመዝን በመልኩ የሚያስቀር ሹም፥ የሚጐዳው ያን ሰው ብቻ አይደለም፤ አገሩንም ያጐድላታል። ለሞተ ሰው የሚሰጥ ክብር መልካም ነው፤ በሕይወት ሳለ የሚሰጥ ፍርድ ግን ይበልጣል።