ከገዛ ጥናቷ ላይ ስሟ የተዘለለው ኬሚስት፦ አሊስ ቦል

በሳይንሱ ዓለም አንድ ተመራማሪ የሚመዘነው ስንት ጥናት አሳተመ፣ ስንት ሰውስ ጠቀሰለት ተብሎ ነው። በዚህ ሚዛን ካየናት የዛሬዋ ባለታሪካችን ብዙም አታነሳም። ለምን? ትልቁ ሥራዋ በሌላ ሰው ስም ስለወጣ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

አሊስ ኦገስታ ቦል እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ተወለደች። አያቷ ጄምስ ፕሬስሊ ቦል በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር ፎቶ አንሺዎች አንዱ ነበሩ። እሷ ደግሞ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ኬሚስትሪና በፋርማሲ ሁለት ዲግሪ ያዘች። በ1914 ከመምህሯ ዊልያም ዴህን ጋር በአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ጆርናል ላይ ጥናት አሳተመች። በዚያ ዘመን ለአንዲት ጥቁር ሴት ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ!

ከዚያ ወደ ሃዋይ ሄደች። በ1915 ከሃዋይ ኮሌጅ ማስተርሷን ስትቀበል የመጀመሪያዋ ሴትም፣ የመጀመሪያዋ ጥቁርም እሷ ነበረች። እዚያው ኬሚስትሪ ማስተማር ጀመረች።

ያኔ በሃዋይ የሥጋ ደዌ የተገኘበት ሰው ከቤተሰቡ ተነጥሎ ሞሎካይ ደሴት ላይ ወዳለው ካላውፓፓ ይጋዛል። ባለፉት ዓመታት ወደዚያ የተላከው ሰው ወደ 8,000 ይጠጋል። የነበረው መድኃኒት የቻውልሙግራ ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ሲጠጣ ያቅለሸልሻል፤ በመርፌ ሲሰጥ ደግሞ ወፍራም ስለሆነና ከውኃ ጋር ስለማይዋሃድ ቆዳ ሥር ተጠራቅሞ ያብጣል።

በካሊሂ ሆስፒታል የሚሠሩት ዶክተር ሃሪ ሆልማን መላ ፈልጊልኝ ብለው ወደ አሊስ መጡ። እሷም ቀን እያስተማረች፣ በተረፋት ሰዓት ላብራቶሪ ገብታ የዘይቱን ቅባት አሲዶች ለየች፤ ከአልኮል ጋር አዋህዳም ኢታይል ኤስተር ወደሚባል ቀጭን ፈሳሽ ቀየረቻቸው። አሁን መርፌው ሰውነት ውስጥ በደንብ ይሰርጋል። ይህን ስትሠራ ዕድሜዋ ገና 23 ነበር።

ግን ውጤቷን ሳታሳትም ታመመች። ዲሴምበር 31 ቀን 1916፣ በ24 ዓመቷ ሲያትል ውስጥ አረፈች።

ከዚያስ? የኮሌጁ ፕሬዚዳንትና ኬሚስት የነበሩት አርተር ዲን ሥራውን ቀጠሉ፣ ጥናት አሳተሙ፤ የእሷን ስም ግን አልጠቀሱም። ዘዴው የዲን ዘዴ ተብሎ ታወቀ። በርካታ ሕሙማንም በመርፌው ተሽሏቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እውነቱን ለመናገር በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ላይ ተመልሷል። ቢሆንም በ1940ዎቹ አዳዲሶቹ መድኃኒቶች እስኪመጡ ድረስ የተሻለው ሕክምና እሱ ነበር።

ዝም ያላሉት ሆልማን ናቸው። በ1922 ባሳተሙት ጽሑፍ ዘዴውን የቦል ዘዴ ብለው ጠሩት። የሚሰማ ግን ብዙም አልተገኘም። ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድሮ መዝገብ ሲያገላብጡ ስሟን አወጡት። ዩኒቨርሲቲው በ2000 ግቢው ውስጥ ባለ የቻውልሙግራ ዛፍ ሥር የመታሰቢያ ሰሌዳ አቆመላት፤ በ2007 ደግሞ የክብር ሜዳልያ ሰጣት። በሞተች በ90 ዓመቷ ማለት ነው።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ከነከነን። ስሟን ለመጻፍ አንድ መስመር ብቻ ይበቃ ነበር። ያቺ አንድ መስመር በጊዜዋ ስላልተጻፈች፣ በመርፌው የዳኑት ሰዎች እንኳ ማንን እንደሚያመሰግኑ ሳያውቁ አልፈዋል።

እናንተስ፣ በመሥሪያ ቤታችሁም ሆነ በትምህርት ቤታችሁ ሠርቶ ስሙ የተዘለለ ሰው ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ አንሱልን።