የጠባቂ ክብር

የሰው ነፍስ አደራ የተሰጠው ጠባቂ ሥራውን በደኅና ሲፈጽም የሚታይ ነገር የለም፤ ያጓደለ ቀን ግን ጥፋቱ ለዓለም ሁሉ ይገለጣል። ስለዚህ የጠባቂ ክብር የሚጸናው በመሣሪያው ሳይሆን በጠባዩና በሚገዛለት ሥርዓት ነው። ለዚህም የአላን ፒንከርተን ታሪክ ምስክር ይሆናል።

ፒንከርተን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1819 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። ሙያው የእንጨት በርሜል መሥራት ነበረ። በ1842 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቺካጎ አቅራቢያ ተቀመጠ። አንድ ቀን እንጨት ፍለጋ ወደ ወንዝ ደሴት ቢሄድ የሐሰት ገንዘብ ሠሪዎች መሸሸጊያ አገኘና ለሹም አስታውቆ አስያዛቸው። ከዚህ በኋላ የምርመራ ሥራ ያዘ፤ በ1850 ዓ.ም. ገደማም የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በዚያን ዘመን የግል መርማሪ እንደ ሌባ ተካፋይ ይታማ ስለ ነበረ ለሠራተኞቹ ሥርዓት ጻፈላቸው፤ ይኸውም የቀን ዋጋቸውን እንጂ ሽልማት እንዳይቀበሉ፥ ከወንበዴም ጋር እንዳይደራደሩ፥ በባልና በሚስት ፍችም እንዳይገቡ ነው። እርሱም ባርነትን የሚጠላ ስለ ነበረ ያመለጡትን ባሮች በቤቱ ይሸሽግ ነበር።

በ1861 ዓ.ም. አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ፥ በባልቲሞር ከተማ ሊገድሏቸው የሚያደቡ ሰዎች መኖራቸውን የፒንከርተን ሠራተኞች ከአድመኞቹ መካከል ገብተው ሰሙ። ፒንከርተንም ጉዞውን በሌሊት አደረገው፤ የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲቆረጥ አዘዘ፤ በ1856 ዓ.ም. የቀጠራት ኬት ዋርን የምትባል ሴትም ሊንከንን እንደ ታመመ ወንድሟ አስመስላ በባቡር አሳፈረቻቸው። አንድ ጥይት ሳይተኰስ ሊነጋጋ ሲል ዋሽንግተን ገቡ። ነገር ግን ጋዜጦች ሊንከንን እንደ ፈሪ ቈጥረው ዘበቱባቸው፤ አድማው ፈጽሞ አልነበረም ያሉም ብዙዎች ናቸው። ያልደረሰ ጥፋት ምስክር የለውምና።

ፒንከርተን በጠባቂነት ባልነበረበት በ1865 ዓ.ም. ሊንከን በቴያትር ቤት ተቀምጠው ሳሉ ተገደሉ። የዚያን ምሽት የተመደበው ፖሊስ፥ አስቀድሞ በሥራው ጉድለት ብዙ ጊዜ የተከሰሰ፥ በበሩ ላይ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ፒንከርተንም ነቀፋ የሌለበት ሰው አልነበረም። በእርስ በርሱ ጦርነት የጠላትን ቍጥር ከልክ አብዝቶ ለጄኔራል ማክለላን ይነግር ነበር። በ1875 ዓ.ም. ደግሞ ወንበዴዎቹን የጄምስን ልጆች ለመያዝ የተላኩት የድርጅቱ ሰዎች በሌሊት ወደ ቤታቸው የሚቃጠል ነገር ወርውረው፥ የተፈለጉት ሳይገኙ የ8 ዓመት ሕፃን ገደሉ፤ የእናቲቱም እጅ ተቈረጠ። ከዚህ ወዲህ ሕዝቡ ለወንበዴዎቹ አዘነ።

ፒንከርተን በ1884 ዓ.ም. በቺካጎ ሞተ። ድርጅቱ ግን ኃይሉን በሥራ ማቆም አድማ ላይ ለባለ ሀብቶች ማከራየት አበዛ። በ1892 ዓ.ም. በሆምስቴድ የብረት ፋብሪካ 300 ያህል ሰዎቹ ከሠራተኞች ጋር ተዋግተው ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። በ1893 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት መንግሥት ከዚህ ድርጅትና ከመሰሎቹ ሰው እንዳይቀጥር በሕግ ከለከለ።

እንግዲህ በሥርዓት የተገኘ ስም ሥርዓት ሲጐድል ይጠፋል። የሌላውን ሰው ነፍስ፥ ገንዘብ ወይም ፍርድ አደራ የተቀበለ ሁሉ፥ ማንም ባያየውም ሥርዓቱን መጠበቅ ይገባዋል።