ጀርባው ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ይዞ 1,070 ጨዋታ የተጫወተው ሰው

አብዛኞቻችን ቤዝቦል አናይም። ግን የዚህን ሰውዬ ታሪክ ለማድነቅ የጨዋታውን ሕግ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። 👇

ሆይት ዊልሄልም ይባላል። በ1922 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ተወለደ። ተማሪ እያለ ጋዜጣ ላይ አንድ ፎቶ አየ፤ ደች ሊዮናርድ የተባለ ወርዋሪ ኳሷን በጣቶቹ እንዴት እንደሚይዛት ያሳያል። ልጁም ያንኑ አያያዝ መለማመድ ጀመረ።

አወራወሩ ናክልቦል ይባላል። ኳሷ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ግን ስለማትሽከረከር አየሩ ወዲህና ወዲያ ያወዛውዛታል። የት እንደምታርፍ መቺውም፣ ተቀባዩም፣ ወርዋሪው ራሱም በእርግጠኝነት አያውቅም። 😅

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ዊልሄልም አውሮፓ ዘምቶ በባልጅ ውጊያ ቆሰለ። የቁስለኞች ሜዳልያ ተሸለመ፤ የብረቱ ፍንጣሪ ግን ጀርባው ውስጥ ቀረ። የተጫወተው እንግዲህ ይህን ተሸክሞ ነው።

ትልቁ ሊግ የገባው በ1952 ለኒውዮርክ ጃያንትስ ነው፤ ያኔ 29 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያ ተራው ደርሶ ዱላ ሲይዝ ሆም ረን መታ። በቀጣዮቹ 20 ዓመታት ሌላ አንድም አልደገመም!

ሥራው ግን መምታት ሳይሆን መወርወር ነበር። ያውም ተቀይሮ እየገባ። በዚያ ዘመን ተቀይሮ የሚገባ ወርዋሪ እንደ ተራ ተጠባባቂ ነበር የሚታየው፤ ክብሩ ሁሉ ጨዋታ ለሚጀምረው ነው። ዊልሄልም በዚያው የመጀመሪያ ዓመቱ 71 ጊዜ ተቀይሮ ገብቶ፣ 15 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። የወርዋሪ ዋና መለኪያ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ ተቆጠረበት የሚለው ነው (በጓደኞቹ ስህተት የገባው አይታሰብም)። ባነሰ ቁጥር ይሻላል። የዊልሄልም የ21 ዓመት አማካይ 2.52 ነው።

ይሄ ቁጥር ብቻውን ግን ብዙ አይነግረንም፤ ለሁሉም ወርዋሪ የቀለለ ዘመን ሊሆን ይችላላ። ስለዚህ ከሊጉ አማካይ ጋር ይነጻጸራል። በ1967 የሊጉ አማካይ 3.23 ነበር፤ የእሱ 1.31። በ1968 ለመቺዎች ሁሉ ጨልሞባቸው የሊጉ አማካይ ወደ 2.98 ወረደ፤ የእሱ ግን 1.73 ነበር። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ያኔ 45 ዓመት አልፎታል!

ሙሉ ዘመኑ በሊጉ አማካይና በየሜዳው ሁኔታ ተስተካክሎ ሲሰላ ውጤቱ 147 ነው፤ መካከለኛ ወርዋሪ 100 ነው የሚያገኘው። በቀላሉ፣ እሱ ላይ 100 ነጥብ በሚቆጠርበት ጊዜ መካከለኛው ላይ 147 ይቆጠርበታል።

ኳሷ የገዛ ተቀባዮቹንም ታስቸግር ስለነበር፣ በ1960 የባልቲሞር አሰልጣኝ ፖል ሪቻርድስ ለእሷ ብሎ ከተለመደው የሚበልጥ ትልቅ ጓንት አሠራ። ከዚያ በፊት፣ በ1958፣ ዊልሄልም ጨዋታ እንዲጀምር ዕድል ሲሰጠው ኒውዮርክ ያንኪስን አንድም ንጹህ ምት ሳያስመታ አሸንፎ ነበር። የተጠባባቂነቱ ጉዳይ የችሎታ ማነስ አለመሆኑ ያኔውኑ ታይቷል።

የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው ሐምሌ 1972 ላይ ነው፤ 50 ዓመት ሊሞላው የቀረው 16 ቀን ነበር። ቁጥሩ ይህን ያህል እየጮኸ እንኳ የዝና አዳራሹ ቶሎ አልከፈተለትም። ስሙ ለስምንተኛ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥበት፣ በ1985፣ ገባ። በዋናነት ተቀይሮ በመግባት ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ወርዋሪ እሱ ነው። በ2002፣ በ80 ዓመቱ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ አረፈ።

ዘግይቶ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ ወረወረ፣ ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሳ ገባ። ሁሉንም ግን ከአማካይ በላይ ሠራው። በ25 ዓመታችሁ «አረፈደብኝ» ለምትሉ ጓደኞቻችን ይድረስልን። 🙌