ኬሚስቱ ሮሼ ዴሪኩር በአንኮበርና በአንጎለላ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ሸዋ ከመጡት አውሮፓውያን መካከል የወንጌል ሰባኪዎቹና የጦር መኮንኖቹ ስም በብዛት ይነሣል። ሻርል ግዛቪዬ ሮሼ ዴሪኩር ከእነዚህ የሚለየው በሙያው ኬሚስት በመሆኑ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እሱን የሚያስታውሱት አብዛኛውን ጊዜ በ1843 እ.ኤ.አ. በሸዋና በፈረንሳይ መካከል በተፈረመው ውል ምክንያት ነው። ለኬሚስትሪ ባለሙያ ግን ከውሉ ይልቅ የባሩድ መፍጫውና የስኳር ድስቱ የበለጠ ቁም ነገር አላቸው።

ሮሼ በ1801 በምሥራቅ ፈረንሳይ ኤሪኩር በተባለች ከተማ ተወለደ፤ የትውልድ ከተማውንም ስም ከራሱ ስም ጋር አጣምሮ ይጠራበት ነበር። በ1839 ከግብፅ ተነሥቶ በቀይ ባሕር በኩል ታጁራ ከደረሰ በኋላ፣ የአፋርን በረሃ ከግመል ቅፍለት ጋር አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮና አቀበቱን ወጥቶ በዚያው ዓመት አንኮበር ገባ። በዚያን ጊዜ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን መግዛት ከጀመሩ ሩብ ምዕት ዓመት አልፏቸዋል። ንጉሡ ለእጅ ሥራ፣ ለመሣሪያና ለመድኃኒት ልዩ ፍቅር ስለ ነበራቸው፣ ከሩቅ አገር ለመጣ እንግዳ የሚያውቀውን ሙያ ሠርቶ ከማሳየት የተሻለ መግቢያ አልነበረውም። ሮሼም ካበረከተላቸው ስጦታዎች አንዱ የባሩድ መፍጫ ነበር።

በሸዋ ባሩድ መሥራት ከእሱ በፊትም የታወቀ ነው። ባሩድ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ ተቀላቅለው የሚሠራ ሲሆን፣ በአውሮፓ የተለመደው ልክ ከመቶ እጅ በቅደም ተከተል 75፣ 15ና 10 ገደማ ነው። ድኙ በአዋሽ ሸለቆ ባለው በዶፋን እሳተ ገሞራ ይገኛል፤ ከሰሉም በየቤቱ አለ። አስቸጋሪው ናይትሬቱ ነው። ከብት ከቆየበት በረት የተነሣው አፈር በውኃ ሲታጠብ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ናይትሬት ነው፤ ይህም እርጥበት ስለሚስብ ለባሩድ አይሆንም። በእንጨት አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ሲጨመርበት ግን ካልሲየሙ ካርቦኔት ሆኖ ከሥር ይዘቅጣል፤ ፖታሲየም ናይትሬቱም በውኃው ውስጥ ይቀራል። ውኃው ተፈልቶና ተመንምኖ ሲቀዘቅዝ ጨው ይሆናል። የኮሌጅ ተማሪ በአንደኛ ዓመት ስለ መሟሟት፣ ስለ መዝቀጥና ስለ ክሪስታል አሠራር የሚማረው ትምህርት በዚህ አንድ ሥራ ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል። የመፍጫው ጥቅምም ሦስቱን አድቅቆ በሚገባ ማዋሐድ ነው፤ ቅመሙ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን በደንብ ካልተፈጨ ባሩዱ እንደሚገባው አይነድምና።

ከባሩዱ ሌላ ሮሼ በቆላ ከሚበቅለው ሸንኮራ አገዳ ስኳር አውጥቶ ለንጉሡ አሳይቷል። ይህም ከአንድ ተአምር ትዕይንት የሚበልጥ ነበር። ጭማቂውን ማጥራት፣ ሳያሳርሩ ማፍላትና ጠጣሩን ከፈሳሹ መለየት ለአገር ሀብት በር የሚከፍት ሙያ ነውና።

ይሁን እንጂ ንጉሡ የፈለጉት ባሩዱንና ስኳሩን ነበር፤ ሮሼም የፈለገው የንጉሡን ወዳጅነት ነበር። ምክንያቱን አስረድቶ ተተኪ የሚያወጣ የትምህርት ቤት ሐሳብ በሁለቱም ዘንድ ቦታ ያገኘ አይመስልም። ሮሼ ያየውንና የሠራውን በ1841 በፈረንሳይኛ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ፤ በአንኮበር ግን የሚያነበው አልነበረም። ኬሚስትሪ በኢትዮጵያ በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው፤ ሮሼ አንኮበር ከገባበት ጊዜ አንሥቶ ሲቆጠር 111 ዓመት ይሆናል። ከአንጎለላ ብዙም በማትርቀው በደብረ ብርሃን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ2007 ነው። ለዚህ ሁሉ መዘግየት አንዱን መንገደኛ መውቀስ አይገባም፤ ቢሆንም ጥሬ ዕቃውም፣ ባለሙያውም፣ ጉጉ ንጉሥም በአንድ ቦታ ተገናኝተው ተማሪ ብቻ መጥፋቱ ያስቆጫል።

ሮሼ በ1842 ከንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ የተላከ ስጦታ ይዞ ዳግመኛ ወደ ሸዋ መጣ። ውሉ የተፈረመው በዚህኛው ጉዞ፣ በሰኔ 1843 ሲሆን፣ በተግባር ያስገኘው ፍሬ እምብዛም አልነበረም። በሁለተኛው ጉዞው ላይ የጻፈው መጽሐፍ በ1846 ታተመ። ሣህለ ሥላሴ በ1847 በደብረ ብርሃን ዐረፉ። ሮሼ በዚያው ዓመት ሦስተኛ ጉዞውን ቢጀምርም፣ የሄደው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎንደርና ወደ ሰሜን ተራሮች ነበር።

ከዚያ ሲመለስ ለእብድ ውሻ በሽታ ያድናል የተባለ ሥር ይዞ በ1849 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። የአገሬውን ሐኪሞች ዕውቀት ከቁም ነገር ቆጥሮ ለምርመራ ማቅረቡ ሊመሰገንበት ይገባል፤ ሥሩ ግን የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፤ የበሽታው መከላከያ ክትባት የተገኘው በ1885 በፓስተር እጅ ነው። ሮሼ በመጨረሻ በጂዳ የፈረንሳይ ቆንሲል ሆኖ ተሾመ፤ በዚያው ከተማም በ1854 ሞተ።